የአጎቴ ቮልስ ፓራውልት

በ2015 ዓ.ም. ጥር፣ ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ስሄድ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝም ብረት በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ባሕር ዳር መናኸሪያ የሚኒባሱ ረዳት ጥቅሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰና «ቀስት ነው እንዴ?» አለኝ። የመኪና ፓራውልት ነው አልኩት። «መኪናውስ?» አዲስ ዘመን ቆሞ እየጠበቀኝ ነው ስለው ሳቀና የአንድ ሰው ሒሳብ ጨመረብኝ።

መኪናው የአጎቴ ቮልስ ነው። እኛ ቤት ግን «እሷ» ነው የምትባለው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ነጭ ቮልስዋገን ናት። አጎቴ በ1984 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ስንተኛ እጅ እንደሆነች ሳይጠይቁ ገዟት። ልጆች ሆነን ከወረታ አዲስ ዘመን፣ ከአዲስ ዘመን ወረታ በእሷ ተመላልሰናል። አሁን ከጣራ ገዳም ደን ግርጌ፣ ከቤታቸው ጓሮ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ሞተሯ ይነሣል። ፍሬኗ ላይ ግን አልምልም።

ከፊቷ ያለው የቮልስ ፓራውልት አይደለም። ሁለት ኢንች ተኩል የሚሆን የውኃ ቱቦ ግራና ቀኙ ታጥፎ፣ መሐሉ ላይ ሁለት ቋሚ ብረት ተበይዶበት፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ተገጥሞላታል። ልጅ እያለሁ የትራክተር ግርማ ይሰጣታል ብዬ እኮራበት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የድሮ መኪና ፎቶ ማሳደድ ስጀምር ግን ያሳፍረኝ ጀመር። የጓደኞቼን ስልክ የሞሉት ቮልሶች በሙሉ ፊታቸው ላይ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ፈገግታ ጎበጥ ያለ ኒኬል አላቸው። የእኛዋ የፈረስ ልጓም የነከሰች ትመስላለች።

ስለዚህ ኦሪጅናሉን ፈልጌ አመጣሁ። ሶማሌ ተራ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሼ ነው ያገኘሁት። ዋጋውን እናቴ ልታነበው ስለምትችል እዚህ አልጽፈውም። ብርድ ልብሱን ፈትቼ ለአጎቴ አሳየኋቸው። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ አገላበጡት፣ ፊታቸውንም ዓይተውበት ይሆናል። ከዚያ፣

«ያምራል። ምኑን ይከላከላል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ ወደ ኋላ ሄጄ ይኼን መስመር ማን፣ መቼ፣ ለምን ጻፈው ብዬ ታሪኩን ማንበብ ለምዶብኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ የፓራውልትን ታሪክ እንደዚያ ሳነብ ከረምኩ።

* * *

ከስሙ ልጀምር። ፓራውልት እንደ ፍሬን፣ እንደ ፍሪሲዮን፣ እንደ ካንዴላ፣ እንደ ኮፈን ከጣሊያን የወሰድነው ቃል ነው። በጣሊያንኛ የመጀመሪያው ግማሽ መከላከል ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ ግጭት። በቀጥታ ግጭት መከላከያ ማለት ነው። ፓራፋንጎ ደግሞ ጭቃ መከላከያ ነው። እንግሊዝኛው ግን «ባምፐር» ይለዋል፣ የሚላተም ነገር። አንዱ ቋንቋ ጋሻ አየ፣ ሌላው ግንባር። እኛ ጋሻውን ወርሰናል፤ አጎቴ «ምኑን ይከላከላል?» ሲሉ ቃሉን እንደ ስሙ እየተረጎሙት ነበር።

ቃሉ የመጣበት መንገድም ቀላል አይደለም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት መንገድ ሲያስቆፍር መንገዱ ላይ የነበረው የጭነት መኪና ፊያት ነው። ትልልቆቻችን ዛሬም «ትሬንታ ኳትሮ» እያሉ የሚያስታውሱት ፊያት 634 የዚያ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ፊያት 682፣ ሾፌሮች «ኤን ትሬ» የሚሉት፣ ለብዙ ዓመታት የአገሩን እህልና ሰው ተሸክሟል። የነዚህ መኪኖች ፓራውልት ጌጥ የለውም። ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋ ወፍራም ብረት ነው፤ ሰው ይቆምበታል፣ ገመድ ይታሰርበታል፣ ጭቃ ውስጥ የገባን ሌላ መኪና ይገፉበታል። የአጎቴ ትውልድ የመኪና ፊት ምን መምሰል እንዳለበት የተማረው ከነዚህ ነው። በኋላ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የወረታን መንገድ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወልዲያ ሲሠሩ፣ ወረታ የመገንጠያ ከተማ ሆነች። የከባድ መኪና ፊት እያዩ ማደግ ለወረታ ልጅ እንደ ደመና ማየት ነው።

የዓለሙ ታሪክ ግን ከጌጥና ከጋሻ መሐል ሲወዛወዝ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በዛሬዋ ቼክ የተሠራው «ፕሬዚደንት» የተባለ መኪና ፓራውልት ካላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ይባላል። ዓለምን በመኪና የሞላው ፎርድ ሞዴል ቲ ግን ሲሸጥ ፓራውልት አልነበረውም። የፈለገ ሰው ከዕቃ መደብር ለብቻው ገዝቶ ያስገጥማል፤ ዛሬ የስልክ ሽፋን እንደምንገዛው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ መጀመሪያ «ኦሪጅናሉ» ምንም አለመኖሩ ነው።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው መግጠም ሲጀምሩ ብረቱ መለበጥ ጀመረ። እዚህ ላይ ለጋራዥ ሰዎቻችን አንድ ፍርድ ልስጥ። እኛ የኢንተርኔት ልጆች «ክሮም» ነው እያልን እናርማቸዋለን፣ እነሱ «ኒኬል» ይላሉ። ትክክል የሆኑት እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። የሚያብረቀርቀው የላይኛው ክሮም ከአንድ ማይክሮን የሚያንስ፣ ለስም ያህል ያለ ሽፋን ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ወፈር ያለ ኒኬል ነው። ኒኬሉ ከተቦረቦረ ክሮሙ ብቻውን አንድ ክረምት አያሳልፍም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሐይቅ በሚሆንበት በፎገራ ክረምት ደግሞ ግማሽም አያሳልፍ። ከ1920ዎቹ አጋማሽ በፊት እኮ ክሮም የሚባለው ጨርሶ አልነበረም፤ ኒኬል ብቻ ነበር።

በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጌጡ ጋሻውን ዋጠው። ካዲላክ ፓራውልቱ ላይ የመድፍ ጥይት የሚመስሉ ሁለት ሾጣጣ ብረቶች ተከለ። ምንም አይከላከሉም፤ ይታያሉ፣ በቃ። የኛዋ ቮልስ የዚያ ዘመን ልጅ ብትሆንም የድኻ ልጅ ናት። ጎበጥ ያለ አንድ ቀጭን ስለት፣ ከላዩ ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ቀንዶች፣ አለቀ። አሜሪካ ስትሄድ ግን ችግር ገጠማት። የአሜሪካኖቹ ፓራውልት ከፍ ያለ ስለሆነ መኪና ሲያቆሙ የእሷን ዘሎ ላሜራውን ይነካል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ለሚላኩት ከስለቱ በላይ ሌላ ቀጭን ቱቦ ተጨመረ። የቮልስ ወዳጆች የፎጣ መስቀያ ይሉታል፤ መልኩም እሱን ነው። ከነሐሴ 1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ሁሉንም ለውጦ ከፍ ብሎ የሚገጠም፣ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ፓራውልት አመጣ። የቮልስ ሰዎች ጎራ የለዩት በነዚህ ነው። ባለ ስለቱ ወገን ጠፍጣፋውን «የሳጥን ክዳን» ነው የሚለው፤ ባለ ጠፍጣፋው ስለቱን «የሠርግ መኪና» ይለዋል። እኔ ባለ ስለት ነኝ። ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ፤ ክርክሩ ላይ ግን አልደራደርም።

ከዚያ ሕግ መጣ። አሜሪካ ከ1973 ሞዴል ጀምሮ አንድ መኪና በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከፊት ሲላተም መብራቱና ደኅንነቱን የሚመለከቱ ክፍሎቹ ሳይጎዱ መውጣት አለበት አለች። በዓመቱ የኋላውም ተጨመረ። የመኪና ሠሪዎቹ መልስ አስቀያሚ ነበር። የእንግሊዙ ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. በ1974 ቀጭኑን ኒኬል አውልቆ ወፍራም ጥቁር ጎማ ነከሰ፤ ቁመቱም ከፍ አለ። ጀርመኑ መርሰዲስ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የመደርደሪያ ያህል ፓራውልት ይሸከም ጀመር፤ አውሮፓ የሚቀረው ግን ቀጭኑን ይዞ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሕጉ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ሲላላ ጉዳቱ ተፈጽሞ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ያሉ የድሮ መርሰዲስ ባለቤቶች ከፍተኛ ገንዘብ አውጥተው «የአውሮፓውን» ፓራውልት ያስመጣሉ። የኤምጂ ሰዎች ጎማውን ፈትተው ኒኬል ያስገጥማሉ። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበትን አውልቀው ሌላ አህጉር የነበረውን ይለብሷታል፤ ይኼንንም «ወደ ኦሪጅናሉ መመለስ» ይሉታል።

ይኼን ሳነብ ነው የመጀመሪያው ጥርጣሬ የገባኝ። በእኛ ሥራ አንድ ነገር ሲበላሽ ወደ ቀድሞው ቨርዥን እንመልሰዋለን። ግን የትኛው ቀድሞ? አጎቴ ቮልሷን ሲገዙ 27 ዓመቷ ነበር። ከቱቦው ጋር ደግሞ እኔ ኒኬሌን ይዤ እስክመጣ ድረስ ሌላ 28 ዓመት ኖራለች። ከቱቦው ጋር የኖረችው ከስለቱ ጋር ከኖረችው ብዙም አያንስም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ሳቅ ያለበት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቮልስን ለበረሃ ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ጎማዋን ያተልቁታል፣ ፓራፋንጎዋን ይቆርጡታል፣ ኒኬሉን አውልቀው የታጠፈ የብረት ቱቦ ይበይዱላታል። ባሃ ይሏታል፣ በሜክሲኮው ባሕረ ገብ ምድር ስም። ፎቶዋን ሳየው ክው አልኩ። የአጎቴን ቮልስ ቁርጥ! ወረታ ያለ በያጅ ቱቦውን አሸዋ ሞልቶ፣ እሳት ላይ አግሎ፣ በዛፍ ግንድ ላይ ሲያጥፍ የካሊፎርኒያን ፋሽን እየሠራ ነበር ማለት ነው።

* * *

አዲስ አበባ ላይ ቮልስ ያላት ቦታ ሌላ ነው። በንጉሡ ዘመን የአስተማሪው፣ የሐኪሙ፣ አዲስ ደሞዝ የጀመረው የመንግሥት ሠራተኛ መኪና ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርጎች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያወጧቸው፣ ጋራዡ ሮልስ ሮይስ የማያጣ ንጉሥ የተሳፈሩት በቮልስ የኋላ መቀመጫ ነው። ወደ አራተኛ ክፍለ ጦርም በእሷ ተወሰዱ። ሁለት በር ብቻ ስላላት የፊቱን ወንበር አጥፈው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚገባው። ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን አንዲት ርካሽ መኪና ለውርደት መመረጧና፣ ዛሬ ደግሞ ያችው መኪና በአበባ ተሸልማ ሙሽራ መጫኗ ነው።

ከዚያ ላዳ መጣች። ላዳ በፊያት 124 ላይ የተመሠረተች የሶቪየት መኪና ናት። በመጀመሪያዎቹ የፊት ፓራውልት መሐል ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ጌጥ አይደለችም። ባትሪው ሲሞት ሞተሩን በእጅ ለማስነሣት የሚሽከረከረው ብረት የሚገባባት ናት። የሳይቤሪያን ብርድ አስበው የቀደዷት ቀዳዳ አዲስ አበባ ታክሲ ላይ እስክታረጅ ኖረች። ፓራውልት ላይ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የምወዳት እሷን ነው። የምትኖርበትን አገር ሳይሆን የመጣችበትን አገር ፍርሃት ተሸክማ ትዞራለች።

ኒኬሉ ቀስ እያለ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሬኖ 5 በፕላስቲክ ፓራውልት ወጣ፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ቦሌ መንገድ ላይ ዛሬ ከቻይና የመጡ ኤሌክትሪክ ቮልስዋገኖች ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ፓራውልታቸው የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም። ፊታቸው በሙሉ አንድ ፕላስቲክ ነው። የድሮ ኒኬል እንዲህ የናፈቀን፣ እኔንም ሶማሌ ተራ ያመላለሰኝ ይኼ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ ፓራውልት የሚጠየቀው ቆንጆ እንዲሆን ብቻ ነው። ሌላውን ሥራ ለፕላስቲኩ ሰጥተነዋል።

ፎገራ ላይ ግን ሥራው አላለቀም። ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳ ነው፣ አስፋልቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሾፌር የሚረግጥበት። ግን አስፋልቱ የመኪና ብቻ አይደለም። የሩዝ ጆንያ የጫነ የአህያ ጋሪ፣ የገበያ ሰው፣ የተማሪ ሰልፍ፣ ከሁሉም በላይ የፎገራ ላም አለች። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች፣ በወተቷ የታወቀች፣ ቁመናዋ ግዙፍ፣ ጥድፊያ የማታውቅ ናት። አስፋልቱ ማታ ሙቀት ስለሚይዝ ላዩ ላይ መተኛት ትወዳለች። ስለዚህ እዚያ አገር ባጃጁ ሳይቀር ከፊቱ ብረት አስበይዷል። አይሱዙውም፣ ሚኒባሱም፣ የቀበሌ ሞተር ሳይክሉም። ብረቱ ላይ የቅዱስ ሥዕል ይለጠፋል፣ ጥቅስ ይጻፋል፣ ቀይ ሪባን ይታሰራል። እኔ በጥናቴ ጊዜ ጌጥና ጋሻ እያልኩ ስከፍላቸው፣ ወረታ ላይ ሁለቱም አንድ ብረት ላይ ነበሩ።

* * *

አጎቴ ቱቦውን ያስበየዱት በ1987 ዓ.ም. ነው። ይኼን ታሪክ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል፤ በየዓመት በዓሉ ይነገራል። ማታ ከወረታ ሲመለሱ፣ ርብ ድልድይን አልፈው፣ አንዲት ላም ከጨለማ ወጣች። ስለቱ እንደ ወረቀት ታጠፈ፣ ኮፈኑ ገባ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ከፊት ያለው ዕቃ መጫኛውና ሰልባቲዮው ነው። 40 ሊትር ነዳጅ የሚይዘው ታንከር ማለት ከጉልበትህ ፊት አለ። ነዳጁ ሲንጠባጠብ በጨለማው ተሰማቸው። ሲጋራ የማያጨሱበትን ቀን እያመሰገኑ ወርደው በእግራቸው አዲስ ዘመን ገቡ። በነጋታው ከላሟ ባለቤት ጋር በሽማግሌ ተነጋገሩ፤ በሳምንቱ ቱቦው ተበየደ። ታሪኩ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፣ በሳቅ። «ከዚያ ወዲህ ላሞቹ ራሳቸው ይፈሯት ጀመር» ተብሎ።

የጥምቀት ማግሥት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ከአጎቴ ጋር ጓሮ ገባን። ቁልፍ ይዤ ነበር። ቱቦው ከቦዲው ጋር የታሰረው በአራት ብሎን ነው፤ ሁለቱ ፓራፋንጎ ውስጥ ተደብቀዋል። እኔ ከሥር ተኝቼ እያለ፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉ፣

«ላሟን የመታሁ ለት የተሰበረችው መኪናዋ ናት።»

አውቃለሁ አልኳቸው።

«ልጁን የመታሁ ለት ግን መኪናዋን ጭረት አልነካትም።»

ከሥር ወጣሁ። የትኛውን ልጅ?

በ1996 ዓ.ም. ነው፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ። ወረታ፣ የገበያ ቀን። ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት፣ ሰው ስለሞላ። ከቆመ አይሱዙ ኋላ አንድ ልጅ ሮጦ ወጣ። ፍሬን ያዙ፤ ያዘላቸውም። «የነካሁት በመጨረሻው ስንዝር ነው» አሉኝ። ጭኑ ላይ ነው ቱቦው ያረፈው። አጥንቱ ተሰበረ። እሳቸው ራሳቸው በዚያችው ቮልስ ባሕር ዳር ወስደው አሳከሙት፤ ሦስት ወር ተኛ። ቤተሰቡ ጋር ታረቁ፣ የሕክምናውን ከፈሉ፣ የልጁን እናት እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ይጠይቋታል። ልጁ አድጎ አሁን ሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ትንሽ ያነክሳል። እኔ እንኳ ወፍጮ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ሩዝ አስፈልፍዬበታለሁ።

«በሽማግሌው ጊዜ አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራውም፣ ያን ቱቦ አይቶ ‹ያ ቀጭኑ ቢሆን ኖሮ ይተጣጠፍ ነበር› አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።»

ሰውየው ልክ ይሁን አይሁን እኔ ልፈርድ አልችልም። ቀጭኑ ስለትም ብረት ነው። ግን የምህንድስና ተማሪ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ ሒሳቡን መካድ አልችልም። ወደ 800 ኪሎ የምትጠጋ መኪና ስትቆም፣ ግጭቱን ከሁለቱ አንዱ መታጠፍ አለበት። ቱቦው እንዳይታጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሌላው ይታጠፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 መኪና ፊት ላይ የሚበየዱ ጠጣር ብረቶችን በሕግ የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለእግረኛው ሲባል። ቦሌ ላይ መጀመሪያና መጨረሻው አይታወቅም ብዬ ያሾፍኩበት ፕላስቲክም ከውስጡ የሰው እግር ሲነካው እንዲጨመደድ ተብሎ የተሠራ አረፋ አለው። ስጽፈው አላወቅኩም ነበር አልልም። አውቅ ነበር፤ አስቀያሚ ነው ስል ግን አላሰብኩትም።

«ታዲያ ለምን ያኔ አልፈቱትም?» አልኳቸው።

«ብፈታው ላሟ አለች።»

ትንሽ ቆዩና «ስለዚህ አቆምኳት» አሉ። እኛ ቤት ቮልሷ ከአዲስ ዘመን መውጣት የተወችው መለዋወጫ ጠፍቶ ነው ነበር የሚባለው። 

ሦስቱ ብሎኖች በቁልፍ ወጡ። አራተኛው ዝጎ ከቦዲው ጋር አንድ ሆኖ ነበር፤ ከጎረቤት ግራይንደር ተውሰን ቆረጥነው። ቱቦውን ለሁለት ተሸክመን እናቱ ቤት ባለችው የእህል ሚዛን ላይ አወጣነው፣ የጎረቤቱ ልጅ ሐሳብ ነው። 21 ኪሎ። ኒኬሉን በአንድ እጄ ይዤ ገባሁ።

አልገጠመም። የቀኙ ልክ መጣ። የግራው ቀዳዳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ሄዷል፤ ላሟ ያስገባችውን ላሜራ ባትላሜራው በዓይን ግምት ነው የመለሰው። ከሥር ማጠቢያ ሰጥቼ፣ አንድ የእንጨት ሽብልቅ አስገብቼ አጠበቅኩት። ስለቱ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ቀረ። ፎቶ ሳነሣት አንድ ጎኗ የምታሾፍ ትመስላለች። ለጓደኞቼ ስልክ፣ ወደ ቀኝ በኩል ተጠግቼ ያነሣሁትን ብቻ ነው የላክሁት።

አጎቴ ሁለት ጊዜ ዞሯት። «እንዲያው ትሁን» አሉና ቱቦውን እየጎተቱ ሄዱ። ጓሮው በር አልነበረውም። ግራና ቀኝ ባሉት የወይራ ምሰሶዎች ላይ አጋድመው፣ በጠፍር አሰሩት። የጎረቤት ላሞች ወደ ጎመኑ እንዳይገቡ ነው አሉኝ።